ግድግዳ የዋጠው ሽቦ

የሲስተር የጓሮ በር ወለል ብሎ መከፈቱን መጀመሪያ ያየው ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው ሾፌር ነው። ያን ረፋድ የታጠበ ልብስ ሊያሰጣ ጓሮ ወጥቶ ከአጥሩ በላይ ሲመለከት ነገሩ አላምርህ አለው። ሲስተር ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ብቅ ሲሉ በሩን ከኋላቸው ገጭ አድርገው የሚዘጉ ሴት ናቸው። ተጣራ። መልስ ሲያጣ እርጥብ ሸሚዝ በእጁ እንደያዘ ዞሮ ገባ።

ኮሪደሩ ላይ በጎናቸው ወድቀው አገኛቸው። የፊት ለፊቱ በር ቁልፍ ከእጃቸው አልወጣም። ከግንባራቸው ደም ይፈሳል፤ ግን ይተነፍሳሉ። ሾፌሩ ሸሚዙን ጠቅልሎ ቁስሉ ላይ ያዘና በሌላ እጁ ስልኩን እየነካካ አምቡላንስ ጠራ። በኋላ ላይ ሐኪሞቹ ያ እርጥብ ሸሚዝ ብዙ ደም እንዳስቀረላቸው ተናግረዋል።

ሲስተር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ከመንገዱ ነዋሪ ግማሹ በእጃቸው የተወለደ፣ ግማሹ ደግሞ ልጁን ከእጃቸው የተቀበለ ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ ደጃፉ በሰው ተሞልቶ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ቤት ስትገባ ምንም ላለመንካት ሁለቱን እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ነው የምትዞረው። እንደዚያው ዞረች። የወጥ ቤቱ በር መቀርቀሪያ በሆነ ጠፍጣፋ ብረት ተፈልቅቋል። መደርደሪያው ሥር ሁለት ስኒዎች ተሰብረዋል። ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ኮድ የሚነካበት የአላርሙ የቁጥር ሰሌዳ ተሰባብሮ በገመዱ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የወጥ ቤት ፎጣና የብረት መጥበሻ ወድቀዋል። መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል፤ ልብሱ ግን አልተነካም።

የጠፋው አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻ እንደሆነ የነገራት የሲስተር ልጅ ነው። ፋርማሲ አለው፤ ነጭ ገዋኑን ሳያወልቅ ነው የመጣው። ሳጥኑ ውስጥ ሲስተር በሥራ ዘመናቸው ከእናቶች የተቀበሏቸው የምስጋና ስጦታዎች እንደነበሩ አስረዳት። የወርቅ ጉትቻ አለ፣ የብር ቀለበት አለ፣ ከአንገት ላይ ተፈትቶ የተሰጠ ሐብል አለ። ምንም የሌላት እናት የሰጠችው የኮት ቁልፍም አብሮ ነበር።

“ይህ ሁሉ ሲሆን አላርሙ ለምን አልጮኸም?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“እሱን የገጠመውን ሰው ይጠይቁት” አላት። “እኔ እናቴን ከመጀመሪያው አስጠንቅቄያት ነበር።”

የፖሊስ ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ መጣ። ቁም ሳጥኑ ጀርባ የተደበቀው መቆጣጠሪያ ደህና ነው። ጣሪያው ጠርዝ ሥር የተሰወረው፣ የሚጮኸው ሳይረንም ደህና ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦ ግን ግድግዳው ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ተበጥሷል። የት ላይ እንደሆነ ግድግዳውን ሳያፈርስ ማወቅ እንደማይችል ተናገረ። ሽቦው የት በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ አንዳች ምልክት አልነበረም።

* * *

አላርሙን የገጠመው ሰው ቀጮ ይባላል። ስሙ ከሰውነቱ የመጣ ነው፤ ኮርኒስ ውስጥ እንደ ድመት ገብቶ እንደ ድመት ይወጣል። በወጣትነቱ ከመጋዘን የኤሌክትሪክ ገመድ ሰርቆ ታስሯል። ከወጣ በኋላ ሙያ ቢኖረውም ቤቱን የሚያስነካው ሰው አጣ። ለመንገድ መብራት ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ለሰው ዕቃ ሲሸከም ቆይቶ፣ ሚስቱ ስትወልድ ከሲስተር ጋር ተዋወቀ። በመንገዱ ላይ ሌቦች መብዛታቸው ሲወራ ልጃቸው አላርም የሚገጥም ትልቅ ድርጅት ሊያመጣላቸው ነበር። ሲስተር ግን ቀጮን አስጠሩና የቤታቸውን ቁልፍ ሰጡት።

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ስታስቀርበው እጁ ላይ የደረቀ የግድግዳ ማለስለሻ ስቱኮ ነበር። ሲስተር በሕይወት መኖራቸውን ሳይሰማ ሌላ ነገር አልናገርም አለ። ከተነገረው በኋላ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ አስረዳት።

የቤቱን ኮሪደር የሠሩት የሲስተር ሟች ባል ናቸው፤ አናጢ ነበሩ። የግድግዳውን ታችኛውን ግማሽ በእንጨት አልብሰው፣ ከዚያ በላይ ያለውን በገዛ እጃቸው ለስነውታል። ሲስተር ለቀጮ የሰጡት ትእዛዝ አንድ ነው፦ “ሌባ ቢገባ እችለዋለሁ፤ እሱ በለሰነው ግድግዳ ላይ ሽቦ ሲጋደም ግን ማየት አልችልም።”

ስለዚህ ቀጮ ከወለሉ ጋር የሚያያዘውን የእንጨት ዞኮሎ አንድ በአንድ ነቀለ፤ ቦታው እንዳይምታታበት ከኋላው በእርሳስ ምልክት አደረገበት። የበሮቹንና የመስኮቶቹን ሽቦ በዚያ ጀርባ አሳለፈና ዞኮሎውን መልሶ ገጠመ። ለሳይረኑ መስመር ግን ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ልስኑን በቀጭን መሮ መቦርቦር ግድ ሆነበት። ሽቦውን አስተኝቶ በልስን ሞላው፣ ስቱኮ ቀባው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። የግድግዳው ቀለም ከዘመን ብዛት ወይቦ ስለነበር አዲሱን ቀለም ከእሱ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ደጋግሞ በጠበጠ። ሲጨርስ ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ምንም ሊያገኙ አልቻሉም። ከዚያ ሳይረኑን ሞከረው። የመንገዱ ሰው በሙሉ ደጅ ወጣ። ሲስተር ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ።

“ሽቦው የት እንደሚያልፍ ካንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?”

ቀጮ ጊዜ ወስዶ አሰበ። ሳጅኑ እንኳ አንድ ስም ይጠራል ብሎ እስክሪብቶውን አሰናድቶ ነበር።

“ማንም የለም” አለ ቀጮ። “ሲስተርም ሥራው ላይ ስላልነበሩ በየት በኩል እንዳለፈ አያውቁም። እንዳይታወቅ አድርጌ ነው የሠራሁት።”

ጠዋት የት እንደነበር ተጠየቀ። አዲስ በተሠራ ባዶ ቤት ኮርኒስ ውስጥ መብራት እየዘረጋ እንደነበር፣ ባለቤቱ ከከተማ እንደወጣ፣ ያየው ሰው እንደሌለ ተናገረ። ከዚህ የባሰ መልስ አይገኝም። የዚያን ዕለት ሌላ ሥራ የሰጡት ሰዎች ሁሉ እየደወሉ ለሚስቱ “ይቅርብን” እንዳሏት ሳጅኑ ሰምቶ መጣ።

ሳጅኑ ነገሩ ያለቀለት መስሎታል። ኢንስፔክተሯን ግን ያ “ማንም የለም” የሚለው ቃል አላስተኛ አላት። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ በገዛ እጁ በሩን በራሱ ላይ አይዘጋም። ቢሆንም ሌላ የያዘችው ነገር ስላልነበራት አላስለቀቀችውም።

* * *

ሌሎቹን መንገዶች ሁሉ ሞከረች። የሲስተር ልጅ እናቱ ቤቱን ሸጠው ከእሱ ጋር እንዲኖሩ ለረጅም ጊዜ ሲወተውት እንደነበር ከሾፌሩ ሰማች። ሲስተር ፈርተው እንዲለቁ የፈለገ ሰው ሽቦውን ሊበጥስ ይችላል ብላ አሰበች። ፋርማሲው ሄዳ ጠየቀች፤ ልጁ ያን ጠዋት ሙሉ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ መድኃኒት ሲሸጥ እንደነበር ደንበኞቹ ጭምር መሰከሩ። ስትጠይቀው ፊቱ ቀላ እንጂ አልተቆጣም። እናቱ ብቻቸውን መሆናቸው እንቅልፍ ስለሚነሳው እንጂ ሌላ ሐሳብ እንደሌለው ነገራት።

ቆራሌ ገዢም ነበር፤ በዚያ መንገድ ጋሪ እየገፋ ያለፈ። ሾፌሩ “ዓይኑ ቤት ለቤት ይዞራል” አለ። ቆራሌው ተፈልጎ ሲገኝ በዚያ ሰዓት ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ አሮጌ ምድጃ ሲከራከር እንደነበር፣ ሴትዮዋም ንዴቷ እስካሁን እንዳልበረደላት ታወቀ።

በማግስቱ ሲስተር ነቁ። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ደረታቸው ላይ በልዟል። ከአደጋው ዕለት ግን የሚያስታውሱት ጠዋት ፊታቸውን መታጠባቸውን ብቻ ነው። ለምርመራ ክሊኒክ ቀጠሮ እንደነበራቸው ያውቃሉ፤ መሄድ መመለሳቸውን አያውቁም። ሐኪሞቹ በጭንቅላት ጉዳት ጊዜ እንዲህ እንደሚያጋጥምና ላይመለስም እንደሚችል አስረዱ።

“ቀጮ የት ነው?” አሉ ሲስተር።

ኢንስፔክተሯ እውነቱን ነገረቻቸው።

“ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ” አሏት ቀስ ብለው። “እኔ የማስታውሰው ነገር ስለሌለ ላስጨንቅሽ አልችልም። ግን እሱ እዚያ ሲያድር እኔ እዚህ እንዴት እንደምተኛ አላውቅም።”

ኢንስፔክተሯ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ሲስተርን ያየው ሐኪም ያኑ ዕለት ከሰዓት ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሳም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያገኘችው ንጹሕ አለባበስ ያለው፣ ቃላቱን የሚመርጥ ወጣት ሠራተኛ ነው። ወሬውን ሰምቶ ምግብ እንዳልበላ ነገራት። ሲስተር ለእሱ እንደ እናቱ ናቸው፤ በመጡ ቁጥር መስኮቱ ጋ ቆመው ያጫውቱታል። ያን ቀንም ተራቸው ሲደርስ እሱ ራሱ ስማቸውን ጠርቶ፣ ካርዳቸውን በእጃቸው ሰጥቶ እንዳስገባቸው አስረዳ። ከዚያ በኋላ በሰው ብዛት የተነሣ ሲወጡ አላያቸውም።

ባልደረባው፣ አንዲት ደከም ያለች ሴት፣ ወጣቱ ያን ጠዋት ሥራ ላይ እንደነበር አረጋገጠች። ምድር ቤት ካለው የአሮጌ ካርዶች መጋዘን ካርድ ሊፈልግ ወርዶ ትንሽ ቆይቶ ነበር፤ ሲመለስ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ እንደነበርም ስቃ ጨመረች። ኢንስፔክተሯ አመስግናቸው ወጣች።

* * *

በሦስተኛው ቀን ወደ ሲስተር ቤት ተመለሰች። ሳጅኑን ኮሪደሩ ላይ አቆመችና ራሷ በወጥ ቤቱ በር ገባች፣ ልክ እንደ ሌባው።

“በሩ ሲከፈት ምን ይሆናል?” አለችው።

“ሰሌዳው ጢጥ ጢጥ ማለት ይጀምራል። ኮድ ካልተነካ ሳይረኑ ይጮኻል።”

“ሌባው ጢጥ ጢጡን ሲሰማ ምን አደረገ?”

“ፎጣ ጠቅልሎበት በመጥበሻ ሰበረው።”

“ለምን?”

“ሳይረኑ እንዳይጮኽ።”

“ሳይረኑ እኮ ሞቷል። ሽቦውን አስቀድሞ የበጠሰው እሱ ከሆነ ምን አስፈራው?”

ሳጅኑ ምናልባት ለማወናበድ ይሆናል ብሎ ሞከረ። ኢንስፔክተሯ ወደ ተሰበሩት ስኒዎች በአገጯ አመለከተች። የሚያወናብድ ሰው ተረጋግቶ ነው የሚሠራው፤ ይኼኛው መጥበሻውን ሲያነሣ ተጣድፎ ስኒዎቹን አርግፏል። ደግሞም ሰሌዳውን መስበር ሳይረኑን እንደማያስቆመው፣ አንጎሉ፣ መቆጣጠሪያው፣ ቁም ሳጥን ጀርባ እንደተቀመጠ ቀጮ ጠንቅቆ ያውቃል። ሰሌዳውን የሰበረው ሰው ስለዚህ አላርም ምንም አያውቅም። እንዲያውም ቤቱ አላርም እንዳለው የሰማው ገና በሩን ከከፈተ በኋላ ነው።

“ታዲያ ሽቦውን የበጠሰው ማነው?” አለ ሳጅኑ።

“እስካሁን የጠየቅነው ሽቦው የት እንዳለ ማን ያውቃል እያልን ነው” አለች ኢንስፔክተሯ። ቀጥሎ የምትለውን ሳትጨርስ ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ኮሪደሩ መሐል አንድ ትልቅ ባለ ፍሬም ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሲስተር በጡረታ መሰናበቻቸው ዕለት፣ ነጭ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው መሐል ቆመዋል። ከፎቶው ሥር፣ የእንጨት ልባሱ ጠርዝ ላይ፣ ስስ ነጭ ብናኝ አለ። ሌላው የቤቱ ጥግ ሁሉ ተወልውሎ የሚያበራ ነው።

ልጃቸው ያን ሰዓት ለእናቱ የሚለወጥ ልብስ ሊወስድ መኝታ ቤት ነበር። ጠራችው።

“ይህን ፎቶ ማን ሰቀለው?”

“እኔ” አለ። “አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ አላስችል ብሎኝ ፍሬም አሠርቼ አመጣሁላት። አላርሙ ከተገጠመ በኋላ ባለው እሁድ ነው የሰቀልኩት። እሷ እንኳን ምሳ እያሰናዳች ነበር፤ አስደነቅኳት።”

“ሚስማሩ በቀላሉ ገባ?”

“አልገባም። መሐል ላይ አንድ ነገር ይዞት ነበር። ደጋግሜ…”

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ኢንስፔክተሯ ፎቶውን አውርዳ ለሳጅኑ ሰጠችው። ሚስማሩን በጉጠት ስባ አወጣችው፤ ከጫፉ ጋር የመዳብ ክር ተያይዞ መጣ። ኤሌክትሪሺያኑ ተጠርቶ መጥቶ ልስኑን ትንሽ ሲከፍት ሽቦው ከወገቡ ተቆርጦ ታየ። ሽቦው በዚያ ማለፉን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሚስማር አይመታም ነበር።

ልጁ ከእንጨት ልባሱ ጋር ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የእናቱን ልብስ የያዘው ቦርሳ ጭኑ ላይ ነበር።

“ሰውየውን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ” አለ። “እናቴን ለሌባ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።”

“እናትዎን የጎዳው በሩን የፈለቀቀው ሰው ነው” አለችው ኢንስፔክተሯ። “እሱን ገና አላገኘነውም። ለቀጮ ግን የሚነግሩት ካለ፣ አብረን እንሂድ።”

ቀጮ ከእስር ሲወጣ ልጁ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ኢንስፔክተሯ ጥቂት ራቅ ብላ ቆማ ተከታተለች። ልጁ ብዙ ተናገረ፤ ቀጮ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀጮ ሽቦው የት በኩል እንደሚያልፍ ሳይነግራቸው መሄዱ የራሱ ጥፋት እንደሆነ፣ ስለ ማማሩ ብቻ ማሰቡን ተናገረ። ተጨባበጡ። ልጁ እጁን ቶሎ አልለቀቀም።

ቀጮ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለሰ።

“አመሰግናለሁ” አላት። “ስለ መፈታቴ አይደለም። ስለ ጠየቁኝ ነው። በድሮው ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም፤ ያደረግኩትን እነሱ ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር።”

* * *

አሁን የሚፈለገው ሰው መልኩ በግምት ታውቋል። ሳጥኑን ያውቃል፤ አድራሻቸውን ያውቃል፤ ሲስተር ያን ጠዋት ከቤት እንደሚርቁ ያውቃል። አላርሙን ግን አያውቅም። ሳይረኑ ሲሞከር የመንገዱ ሰው ሁሉ ደጅ ስለወጣ፣ ይህ ሰው የዚያ መንገድ ነዋሪ ሊሆን አይችልም።

ኢንስፔክተሯ ይህን እያሰላሰለች ሆስፒታል ስትደርስ የሲስተር አልጋ አጠገብ አንድ ሰው ተቀምጦ አገኘች። የክሊኒኩ ሐኪም ነው። ከሥልጠናው ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ ሻንጣውን እንኳ ቤቱ ሳያደርስ መጥቷል። ሻንጣው ከወንበሩ ሥር ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

“የኔ ጥፋት ነው” አላት ለኢንስፔክተሯ። ነገሩን ደግሞ እንዲህ ሲል አስረዳ፦ እሱን ከእናቱ ማኅፀን የተቀበሉት ሲስተር ናቸው። ያን ጠዋት በመስኮት ሲመለከት ከታክሲ ሲወርዱ አያቸው። የታማሚው ሰልፍ ረጅም ነበር። እንደሌላው ሰው ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው ሕሊናው እምቢ ስላለው ራሱ ወርዶ፣ ክንዳቸውን ይዞ፣ በጎን በር አስገባቸው። መርምሮ ሲጨርስም በዚያው በር ሸኛቸው። “እንደ ሌላው ቢጠብቁ ኖሮ ሌባው ሥራውን ጨርሶ ይሄድ ነበር። ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ።”

ሲስተር ከትራሳቸው ሳይነሡ እጁን ያዙት።

“አንተ ልጅ፣ በሕይወቴ ሰልፍ ቀድሜ አላውቅም” አሉት። “አላስታውሰውም እንጂ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። እሱን ደስታ ደግሞ አንተ አትውሰድብኝ።”

ሐኪሙ እንባው እየወረደ ሳቀ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም።

“ዶክተር፣ ካርዳቸውን ማን አመጣልዎ?”

“ማንም። ያለ ካርድ ነው ያየኋቸው። በኋላ እጨምረዋለሁ ብዬ ነበር።”

“ስማቸው አልተጠራም?”

“በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል እኮ አላለፉም።”

ኢንስፔክተሯ ሲስተርን ተሰናብታ በፍጥነት ወጣች።

ካርድ ክፍሉ ውስጥ ወጣቱ ሠራተኛ አሁንም በንጹሕ ሸሚዙ ተቀምጧል። ስታየው ተነሣላት። ያን ቀን ሲስተርን ጠርቶ ካርዳቸውን በእጃቸው እንደሰጣቸው አሁንም እርግጠኛ እንደሆነ ጠየቀችው። እርግጠኛ ነኝ አለ። ሐኪሙ የነገራትን ስትነግረው ግን ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተጠርጎ ሄደ። እሱ የገመተው ሲስተር ተራቸው ቶሎ ደርሶ እንደወጡ ነበር፤ ጨርሶ ተራ እንዳልጠበቁ አልጠረጠረም።

ሳጥኑን ምድር ቤት፣ ማንም ከማይነካቸው የአሮጌ ካርዶች ክምር ጀርባ አወጡት። አንድም ነገር አልጎደለበትም፤ የኮት ቁልፉ እንኳ አለ።

ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ ወጣቱ ራሱ ተናገረ። ድሮ ያዋለዷት አንዲት እናት መስኮቱ ፊት ለሲስተር ጉትቻ ስትሰጣቸው አይቷል፤ ሲስተርም “ከሌሎቹ ጋር ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጥልሻለሁ” ሲሏት ሰምቷል። አድራሻቸው ካርዳቸው ላይ አለ። ያን ጠዋት ከቀጠሮ መዝገቡ መምጣታቸውን ስላወቀ፣ ተራቸው እንዲዘገይ ካርዳቸውን ከሁሉም ሥር አድርጎ፣ ወደ መጋዘን የሚወርድ መስሎ በኋላ በር ወጣ። ሲመለስ በድንጋጤ ካርዱ እዚያው ሥር መቅረቱን ልብ አላለም። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ብዙ ነገር ዘረዘረ፤ ደመወዙ ማነሱን፣ የጓደኞቹን ኑሮ፣ ሊወለድ ያለውን የመጀመሪያ ልጁን። ሁሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም። አንዱም ግን የሰው በር ለመፈልቀቅ አይበቃም።

አንድ ነገር ግን አላምንም አለ። ሲስተርን አልነካሁም፣ ሲያዩኝ ደንግጠው ራሳቸው ወደቁ አለ። ደረታቸው ላይ የበለዘውን ሲነግሩትም ቃሉን አልለወጠም። ሲስተር አያስታውሱም፤ ሌላ ያየ ሰው የለም። ኢንስፔክተሯ በዚያ ነጥብ ላይ አፉን ልታስከፍተው አልቻለችም።

* * *

ሳጥኑን ለሲስተር ያደረሰችላቸው ራሷ ናት። ቀጮና ልጃቸውም አልጋው አጠገብ ነበሩ፤ ቀጮ አዲሱን የሽቦ መስመር በየት በኩል እንደሚያሳልፍ ለልጁ በጣቱ አንሶላው ላይ እየሣለ ያሳየዋል። ሲስተር ሳጥኑን ከፍተው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ነኩ። የማን እንደሆኑ ሁሉንም ያውቃሉ። መንታ የወለደችውን፣ በዝናብ መንገድ ላይ የወለደችውን፣ ወልዳ ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰችውን።

በዚህ መሐል በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ወጣት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሚስት እንደሆነች፣ ይቅርታ ለመጠየቅ እንደመጣች በቀጭን ድምፅ ተናገረች። ልጃቸው ተነሣ። ይህ ጊዜው እንዳልሆነ፣ እናቱ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋቸው ገልጾ ሊሸኛት ወደ በሩ ተራመደ።

“ተዋት” አሉ ሲስተር። ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ እያዩዋት ነበር። “ነይ ወደዚህ፣ የኔ ልጅ። እንዲያ ጎንሽን የያዝሽው ለምንድን ነው?”

ሴትዮዋ ምንም እንዳልሆነ፣ ከመንገዱ እንደሆነ ተናገረች። ሲስተር እጃቸውን ዘረጉ። ሴትዮዋ ቀረበች። ሲስተር ተኝተው እንዳሉ ሁለቱን መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ዞሩበት፤ መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ከታች፣ ከዚያ ጎንና ጎን።

“ዛሬ ተንቀሳቅሷል?”

ሴትዮዋ አሰበች። ከትናንት ጀምሮ እንዳልተሰማት፣ በሐዘኑ የተነሣ ልብ እንዳላለችው ተናገረች።

የሲስተር ድምፅ አልተለወጠም። “ልጄ” አሉት ልጃቸውን፣ “የማዋለጃ ክፍሉን ሐኪም ጥራልኝ። የሕፃኑ ራስ ወደ ላይ ነው፣ መንቀሳቀስም ቀንሷል በላቸው። አንተም ቀጮዬ፣ ወንበር አምጣላትና አስቀምጣት።”

ልጃቸው መጀመሪያ በእርጋታ ወጣ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሲሮጥ ጫማው ተሰማ።

ሴትዮዋ ያኑ ዕለት ከሰዓት በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። እትብቱ ሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሐኪም ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ሕፃኗ እንደማትተርፍ ለኢንስፔክተሯ ነገሯት። እናትና ልጅ ግን ደህና ናቸው። ሕፃኗ ስትወጣ አላለቀሰችም ነበር፤ ከቆይታ በኋላ ግን የኮሪደሩ ሰው ሁሉ እስኪሰማት ጮኸች።

ኢንስፔክተሯ ወሬውን ራሷ ለማድረስ ወደ ጣቢያ ሄደች። የካርድ ክፍሉ ወጣት ከእስር ክፍሉ ወጥቶ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። አባት መሆኑን፣ ሴት ልጅ መሆኗን፣ ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ነገረችው። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ።

“ሚስቴ ሐኪም ቤት እንዴት ሄደች?” አለ በመጨረሻ። “ቀኗ ገና ነበር።”

“ሲስተርን ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ ነው። ሆዷን ነክተው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሮጦ ሐኪም ጠራ።”

ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኢንስፔክተሯም አላጣደፈችውም። ውጪ ሰዎች ሲያወሩ፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል።

“ገፍትሬያቸዋለሁ” አለ። “በሩን ከፍተው ሲገቡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከብርሃን ስለ ገቡ አላወቁኝም ነበር፤ ‘ማነህ?’ አሉኝ። በሁለት እጄ ደረታቸውን ገፋኋቸው። ሲወድቁ አየሁ። ረግጬያቸው እንዳላልፍ ተሻግሬ ሮጥኩ። ይጻፉት።”

ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ጻፈች። እሱ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ተመልሶ አስተካከለ፤ ራሱን ለማዳን ግን አንድም ቃል አልጨመረም። ሲጨርስ ወረቀቱን አነበበችለት፤ ፈረመ።

ከዚያ አመሰገነችው። ሳጅኑ በኋላ ለምን እንዳመሰገነችው ጠይቋት ነበር፤ ማንም ሳያስገድደው እውነቱን ስለ ተናገረ ነው አለችው። ከልቧ እንደሆነ እሱም አይቷል።